ሃርድቶፕን በግቢያችሁ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፦ ከፊት ሞላ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ

«ለሃርድቶፔ ከፍ ያለ ሞላና ባሌስትራ ገዝቻለሁ፤ ጋራዥ ሳልሄድ ራሴ ልገጥመው እችላለሁ ወይ?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚደርሰኝ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው። አዎ፣ ትችላላችሁ። ብሎን መፍታት የለመደ ሰውና አንድ ረዳት ቅዳሜና እሁድን ከሰጡት ይጨርሱታል። ግን ሞላና ባሌስትራ ብቻ የገዛ ሰው ገና ግማሹን ነው የገዛው። መኪናው ከፍ ሲል አብረው የሚዛቡ ነገሮች አሉ፤ የመሪው ካስተር (መሪው ከታጠፈ በኋላ ወደ መሃል እንዲመለስ የሚያደርገው የፊት አክስሉ ዘንበል ማለት)፣ የፊት አክስሉ አቀማመጥ፣ የኋላው ፍሬን ኃይል። መንገድ ላይ ሰውን አደጋ ውስጥ የሚከቱት እነዚህ ስለሆኑ አብዛኛውን ቦታ የምሰጠው ለእነሱ ነው።

መኪናችሁ የትኛው ነው?

መመሪያው የፊቱ በሞላ፣ የኋላው በባሌስትራ ለሆነው ላንድክሩዘር ነው። ይህም በፈረንጆች ከ1999 መገባደጃ ወዲህ የተሠራው ኤች ዜድ ጄ 78 ሃርድቶፕና የእሱ ፒክአፕ የሆነው ኤች ዜድ ጄ 79 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው 75 የፊቱም ባሌስትራ ስለሆነ የፊት ክፍሉ አሠራር ይለያል፤ የኋላው ግን ተመሳሳይ ነው።

ሃይሉክስ ቪጎ ወይም ፕራዶ ያላችሁ ይህን ይዛችሁ የፊቱን አትንኩ። የእነሱ ሞላ ሾክ አብዞርበሩ ላይ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። ያለ ተገቢው መጭመቂያ የላይኛውን ዳዶ የፈታ ሰው ሞላው ፊቱ ላይ ይፈነጠርበታል፤ ይህ ሕይወት ያጠፋል።

ምን ታገኛላችሁ፣ ምን አታገኙም

ሞላና ባሌስትራ ሲቀየር ከፍ የሚለው ሻንሲውና ከእሱ በላይ ያለው ነው። ዲፍረንሻሉ ያለው አክስሉ ላይ ስለሆነ ከመሬት ያለው ርቀት አይለወጥም፤ እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። የምታገኙት ጥቅም የፊት መከላከያው ዳገት ሲጀምር አፈር አለመግፋቱ፣ የመኪናው ሆድ ድንጋይ አለመንካቱ፣ ጭነት ላይም የኋላው አለመቀመጡ ነው። በሌላ በኩል የመኪናው የክብደት ማዕከል ወደ ላይ ስለሚወጣ ኩርባ ላይ የበለጠ ያዘነብላል። ፖርቶመጋላ ላይ ጀሪካን፣ ትርፍ ጎማና ድንኳን የምትጭኑ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት።

5 ሳንቲ ሜትር ላይ እንድትቆሙ የምመክረው ለዚህ ነው። እስከዚያ ድረስ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹና የማሽከርከሪያ ዘንጎቹ በአብዛኛው እንዳሉ ይሠራሉ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ እነሱም መቀየር አለባቸው፤ ሥራውም የግቢ ሥራ መሆኑ ያበቃል።

የሞላና የባሌስትራ አመራረጥ

ሞላ በቁመቱ ብቻ አይገዛም፤ በሚሸከመው ክብደትም ነው። እንደ ኦልድ ማን ኢሙ፣ አይረንማን፣ ዶቢንሰንስና ተፍ ዶግ ያሉት የአውስትራሊያ ሠሪዎች ለዚሁ መኪና ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ጭነት እያሉ ለይተው ያወጣሉ። የፊት ብረት መከላከያና ዊንች ከሌላችሁ የከባዱን አትግዙ፤ መኪናው ከታሰበው በላይ ይነሳል፣ ኮረኮንች ላይም ይዘላል እንጂ ምቱን አይውጥም። የኋላው እንዲሁ ነው። የምትመርጡት በዓመት አንድ ጊዜ በምትጭኑት ሳይሆን ሁልጊዜ መኪናው ላይ ባለው ጭነት ነው። ሶማሌ ተራም ግዙት ከዱባይ አስመጡት፣ እያንዳንዱ ሞላና ባሌስትራ ላይ የታተመውን ቁጥር ከሣጥኑና ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ። ቁጥር የሌለውን ዕቃ አትቀበሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መኪናው ላይ የሚገጠም፦
- የፊት ሞላ 2፣ የኋላ ባሌስትራ 2
- ለከፍታው የተሠራ ሾክ አብዞርበር 4
- አዲስ ዩ-ቦልት (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው) ከነዳዶውና ሮንዴላው፣ ለሁለቱም ወገን
- የባሌስትራ ጎሚኒዎች፣ የፊት ፒንና የኋላ ሻክል፣ ማለትም የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ (ግራሶ የሚገባበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል)
- የካስተር ማስተካከያ ጎሚኒ፣ የፊት አክስሉን ከሻንሲው ጋር ለሚይዙት ሁለት ራዲየስ አርሞች የፊት ጫፍ (በጠቅላላው 4)
- ርዝመቱ የሚስተካከል ፓናርድ ዘንግ (የፊት አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ከሻንሲው ጋር የሚይዘው)
- ለኋላ ፍሬን ማመጣጠኛ ቫልቭ ማካካሻ ብረት
- ኮፒልያ

መሥሪያ፦
- 3 ቶን የሚችል ባለጎማ ክሪክ፣ ተጨማሪ የዘይት ክሪክ
- 4 የብረት መደገፊያ፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 3 ቶን የሚችል
- ለጎማ የሚሆን ታኮ 4፣ ከክሪክና ከመደገፊያ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ
- ከ12 እስከ 24 ሚሊ ቁልፍና ቡሶላ፣ ረጅም እጀታ
- የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቶርክ ሬንች
- የዛገ ብሎን ማላቀቂያ ዘይት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ መዶሻ፣ ፌሮ፣ ግራሶ
- ሜትር፣ ነጭ ቀለም ወይም ማርከር፣ የዓይን መከላከያ መነጽር

ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። የዚህ ሥራ ብሎኖች በግምት አይጠበቁም። ከኪቱ (አብሮ ከሚሸጠው የዕቃ ስብስብ) ጋር የሚመጣው ወረቀት ለእያንዳንዱ ብሎን በኒውተን ሜትር የተጻፈ ቁጥር አለው፤ ወረቀቱ ከጠፋባችሁ የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ ተመልከቱ።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ይህ መኪና ባዶውንም ከ2 ቶን በላይ ነው። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግቡ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ክሪክ ያነሳል፤ የሚሸከመው መደገፊያው ነው። ብሎኬትና ድንጋይ መደገፊያ አይደሉም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ግቢያችሁ አፈር ከሆነ ከእያንዳንዱ መደገፊያ ሥር ጣውላ አንጥፉ፤ አለበለዚያ እግሩ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ዝናብ ከጣለ ሥራውን አቁሙ።

ብቻችሁን አትሥሩ። አክስሉ ሲወርድ አንድ ሰው ክሪኩን ይይዛል፣ ሌላው ቱቦና ሽቦ ያያል። ልጆችን ከግቢው አርቁ።

አሠራር

1. ለኩ። መኪናው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ እንዳለ ከቸርኬው መሃል በቀጥታ ወደ ላይ እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማ ለክታችሁ ጻፉ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማው ነፋስ ልኬቱን ያሳስታል። የግራና የቀኙ ልዩነትም ይጠቅማችኋል። አንዳንድ ኪቶች ውስጥ አንዱ የፊት ሞላ ከሌላው ጥቂት ይረዝማል፤ ረጅሙ የሚገባው ዝቅ ብሎ በተገኘው ወገን ነው። አውስትራሊያ ውስጥ መሪው በቀኝ ስለሆነ ሣጥኑ ላይ «የሹፌር በኩል» የሚለውን ጽሑፍ እንዳለ አትውሰዱት፤ የራሳችሁን ልኬት እመኑ።

2. የዛገውን አርጥቡ። ከሥራው ዋዜማ ዩ-ቦልቶቹን፣ የሾክ ብሎኖቹን፣ የባሌስትራ ፒኖቹንና የፓናርድ ብሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ ማላቀቂያ ዘይት ርጩባቸው፤ ሲመሽ ድገሙት። ጥርሱ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ያለበትን ብሎን በኃይል መፍታት ብሎኑን ይሰብራል፤ የተሰበረ ፒን ማውጣት ደግሞ ግማሽ ቀን ይበላል።

3. የፊቱን አንሡ። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉላቸው፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ። የፊት ጎማ ዳዶዎችን ጎማው መሬት ላይ እያለ ጥቂት አላሉ። ከዚያ መኪናውን አንሥታችሁ ሁለት መደገፊያ ከሻንሲው ሥር አስገቡ፤ ቦታው ራዲየስ አርሙ ከሻንሲው ከሚያያዝበት ጥቂት ወደ ኋላ ነው። መኪናውን መደገፊያው ላይ ካወረዳችሁ በኋላ በእጃችሁ ጠንክራችሁ ግፉት። የሚነቃነቅ ከሆነ እንደገና አስተካክሉ። ጎማዎቹን አውጡ። ክሪኩን ከአክስሉ ሥር መልሱትና ክብደቱን ያዙት።

4. አክስሉን የያዙትን ፍቱ። በቅደም ተከተል ስታቢላይዘር ባሩን (ኩርባ ላይ ማዘንበሉን የሚቀንሰውን ዘንግ) ከአክስሉ፣ ሁለቱን ሾኮች፣ የፓናርድ ዘንጉን አንድ ጫፍ። ፓናርዱ ካልተፈታ አክስሉ በአንድ ወገን ተይዞ ይቀርና ሞላው አይወጣም። የፍሬን ቱቦውን ከሻንሲው ጋር የያዘውን ማሰሪያ፣ የዲፍረንሻሉን መተንፈሻ ቱቦም ተመልከቱ፤ ካጠሩ ማሰሪያቸውን አውልቁ። የፍሬን መስመሩን አትክፈቱ፤ ካልተከፈተ አየር ማውጣት አያስፈልጋችሁም።

5. ሞላውን ቀይሩ። ክሪኩን በጣም ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ፤ ረዳታችሁ የፍሬን ቱቦውን እያየ ይናገር። ቱቦው ከመወጠሩ በፊት አቁሙ። አክስሉ ሲወርድ ሞላው ይላላል፤ አንዱን ወገን ወደ ታች ስትጫኑት አሮጌው ሞላ በእጅ ይወጣል። የላይኛውን ጎማ መቀመጫ ፈትሹ፣ የተሰነጠቀ ከሆነ ቀይሩ፤ በብረትና በብረት መካከል ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ከሌለ ሞላው ይጮኻል። አዲሱን ስታስገቡ የሞላው የታችኛው ጫፍ መቀመጫው ላይ ካለው ማቆሚያ ጋር እስኪገጥም አዙሩት። ጫፉ ማቆሚያውን ካለፈ ሞላው ጠሞ ይቀመጣል፤ መንገድ ላይ «ቋ» የሚል ድምፅ እያሰማ ራሱን ያስተካክላል፤ ከፍታውም ይለወጣል።

6. ካስተሩን መልሱ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ሁለቱ ራዲየስ አርሞች ከፊት አክስሉን፣ ከኋላ ሻንሲውን ይዘዋል። ሻንሲው ከፍ ሲል የአርሞቹ የኋላ ጫፍ አብሮ ይነሳና አክስሉን ያሽከረክረዋል፤ በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካስተሩ ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። መሪ ከታጠፈ በኋላ ወደ መሃል የሚመልሰው ካስተር ነው። ሲቀንስ መኪናው ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ይዋልላል፤ ሹፌሩ ያለ እረፍት ሲያርመው ይውላል።

ማስተካከያው ቀዳዳው ከመሃል ሸሸት ያለ ጎሚኒ ነው፤ በእያንዳንዱ አርም የፊት ጫፍ ላይ ሁለት ሁለት ይገባል። አሮጌውን ማውጣትም አዲሱን ማስገባትም ፕሬስ ስለሚጠይቅ አርሙን ፈትታችሁ ፕሬስ ወዳለው ቶርኖ ቤት ውሰዱት። በመዶሻ አትቀጥቅጡ፤ የጎሚኒው ብረት ቅርፊት ይጣመማል። ሁለቱን አርሞች ባንድ ጊዜ አታውጡ፤ ሁለቱም ከወጡ አክስሉ ክሪኩ ላይ ይሽከረከራል። አንዱን ሠርታችሁ መልሱ፣ ከዚያ ሌላውን።

አቅጣጫው ወሳኝ ነው። ቶርኖ ቤቱ ከመግፋቱ በፊት ጎሚኒው ላይ ያለውን ምልክት ከወረቀቱ ጋር አስተያዩና አርሙ ላይ በነጭ ቀለም አስምሩ። ተገልብጦ ከገባ የጠፋውን ካስተር መመለስ ቀርቶ ያንኑ ያህል ይጨምርበታል። በትክክል ከገባ ከፊት አክስሉ ወደ ኋላ የሚያየው የዲፍረንሻሉ አፍንጫ ጥቂት ወደ ታች ያዘነብላል፤ በዓይን ማረጋገጫው ይህ ነው።

7. የፊት ሾኮችን ግጠሙ። አዲሱን ሾክ ከመግጠማችሁ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ብዙ ጊዜ እስከ ጫፍ ግፉት፣ ሳቡት። ተጋድሞ ስለመጣ ውስጡ አየርና ዘይቱ ተቀላቅሏል፤ እኩል እስኪከብድ ድረስ ቀጥሉ። የላይኛውን ዳዶ ስታጠብቁ ጎሚኒው እንደ ሮንዴላው ስፋት ሲሆን አቁሙ። ከዚያ በላይ ከተጨመቀ ጎማው ይሰነጠቃል።

8. ፓናርዱን ለጊዜው ያዙ። አዲሱን ዘንግ በአሮጌው ርዝመት አስተካክላችሁ አስገቡት፤ ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አጥብቁ። ስታቢላይዘሩንም እንዲሁ። እስካሁን ያስገባችኋቸው ጎሚኒ ያላቸው ብሎኖች ሁሉ ላላ ብለው ይቆዩ፤ ምክንያቱን ተራ ቁጥር 13 ላይ ታገኙታላችሁ። ጎማዎቹን መልሳችሁ መኪናውን አውርዱ።

9. ወደ ኋላ እለፉ። አሁን ታኮው ለፊት ጎማዎች ነው፣ ለሁለቱም፣ ከፊትና ከኋላ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ እነሱ ከመሬት ከተነሱ መኪናውን የሚያቆመው ታኮው ብቻ ነው። መደገፊያዎቹን ከሻንሲው ሥር፣ ከባሌስትራው የፊት ፒን ወደፊት አድርጉ። ጎማዎቹን አውጥታችሁ አክስሉን በክሪክ ያዙ። አክስሉ ወዲያ ወዲህ እንዳይንከባለል በሁለት ክሪክ መያዝ ይሻላል።

10. አሮጌውን ባሌስትራ አውጡ። አንዱን ወገን ጨርሳችሁ ነው ወደ ሌላው የምትሄዱት፤ ያልተፈታው ባሌስትራ አክስሉን በቦታው ያቆይላችኋል። ሾኩን፣ ከዚያ አራቱን የዩ-ቦልት ዳዶዎች ፍቱ። ቀጥሎ የኋላ ሻክሉን፣ በመጨረሻ የፊት ፒኑን። ባሌስትራው ከባድ ነው፤ ለሁለት ያዙት፣ እግራችሁን ከሥሩ አርቁ። ፒኑ እምቢ ካለ በመዶሻ ከመደብደባችሁ በፊት ዘይት ርጫችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት፤ መዞር ከጀመረ ይወጣል።

11. አዲሱን አስገቡ። ባሌስትራው ፊትና ኋላ አለው፤ የመሃል ብሎኑ ከሁለቱ ጫፎች እኩል ርቀት ላይ አይደለም። ተገልብጦ ቢገባ አክስሉ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሸሻል። ምልክት ካለው ተከተሉ፤ ከሌለው ከአሮጌው ጎን መሬት ላይ አስተኝታችሁ አስተያዩ። ጎሚኒዎቹ ፖሊዩሪቴን ከሆኑ ከኪቱ ጋር የመጣውን ግራሶ ውስጥም ውጭም ቀቡ፤ ካልተቀቡ በየጉድጓዱ ይጮኻሉ። መጀመሪያ የፊት ፒን፣ ቀጥሎ ሻክል፤ ሁለቱም በእጅ ብቻ ይጥበቁ።

አሁን አክስሉን በክሪክ ቀስ አድርጋችሁ አንሡ። ከባሌስትራው ሥር ብቅ ያለችው የመሃል ብሎን ራስ አክስሉ መቀመጫ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለባት። መቀመጫውን ከጭቃና ከዝገት በብሩሽ አጽዱት፤ ቀዳዳው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ካለ ብሎኗ የገባች ትመስላለች እንጂ አልገባችም። በባትሪ ብርሃን ጎንበስ ብላችሁ በዓይናችሁ እዩ፤ በባሌስትራውና በመቀመጫው መካከል ክፍተት መታየት የለበትም። አክስሉ እንዳይንሸራተት የምትይዘው ይህች ብሎን ናት።

12. ዩ-ቦልቶቹን አጥብቁ። አሮጌውን ዩ-ቦልት አትመልሱት። አንዴ በሙሉ ኃይል ሲጠበቅ ይለጠጣል፤ ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ኃይል አይዝም። አራቱን ዳዶዎች በሰያፍ እያፈራረቃችሁ ትንሽ በትንሽ ስቡ፤ በሁለቱም ወገን የተረፈው ጥርስ እኩል ርዝመት እንዲኖረው። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ከሥር ያለውን ብረት ያጣምማል። የመጨረሻው ቁጥር የሚሰጠው መኪናው መሬት ላይ ሲሆን ነው። ከዚያ ሾኩን ግጠሙና ሌላውን ወገን በዚሁ መንገድ ሥሩ።

የኋላው ፍሬን። መኪናችሁ ከኋላ አክስሉ ወደ ሻንሲው የምትወጣ ቀጭን ዘንግና እሷ የምታንቀሳቅሰው ቫልቭ ካለው እዚህ አትቸኩሉ። ቫልቩ የጭነቱን መጠን የሚያውቀው በአክስሉና በሻንሲው መካከል ባለው ርቀት ነው። ርቀቱ ሲጨምር መኪናው ባዶ ይመስለዋልና ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ኃይል ይቀንሳል። ከፍ ያለ ሃርድቶፕ ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ በቂ የማይሆነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሰው ግን ሸራ ይቀይራል፣ ዘይት ይቀይራል። መፍትሔው የዘንጓ መያዣ ላይ ማካካሻ ብረት ገጥሞ መኪናው የተነሳውን ያህል ማካካስ ነው፤ ዘንጓ ከመነሳቱ በፊት በነበረችበት ማዕዘን መመለስ አለባት። ከሥራው በፊት በስልካችሁ ከጎን ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ ማስተያያ ይሆናችኋል። እግረ መንገዳችሁን የኋላውን የፍሬን ቱቦ፣ የእጅ ፍሬን ገመድና የዲፍረንሻል መተንፈሻውን አክስሉ ወርዶ እያለ ፈትሹ፤ የተወጠረ ካለ ማሰሪያውን አዛውሩ ወይም ረዘም ያለ ቀይሩ። የፍሬን ቱቦ ከቀየራችሁ አየሩን አውጡ።

13. በጎማው አቁማችሁ አጥብቁ። መኪናውን አውርዱ፣ የጎማ ዳዶዎችን በሰያፍ አጥብቁ። ከዚያ ፊቱንና ኋላውን በሰውነታችሁ ክብደት ደጋግማችሁ ተጫኑት፤ ግቢው ሰፊ ከሆነ ወደፊትና ወደኋላ ጥቂት ሜትር ንዱት። ሞላና ባሌስትራው ቦታቸውን ሲይዙ ከሥር ገብታችሁ ላላ ብለው የቆዩትን ብሎኖች በሙሉ በቶርክ ሬንች አጥብቁ፦ ራዲየስ አርም፣ ፓናርድ፣ ስታቢላይዘር፣ የሾኮቹ የታች ብሎን፣ የባሌስትራ ፒን፣ ሻክል፣ ዩ-ቦልት።

ምክንያቱ ይህ ነው። የጎማ ጎሚኒ ሲጠበቅ መሃሉ ያለው ብረት ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴው ሁሉ የጎማው መጠምዘዝ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁት መኪናው ከወረደ በኋላ የጎሚኒው ጎማ መኪናው ቆሞም ተጠምዝዞ ይኖራል። እንዲህ የተገጠመ ጎሚኒ ሲወጣ ጎማው ከብረቱ ዙሪያ በአንድ ወገን ተልጦ ታገኙታላችሁ። መኪናውም ለጊዜው ከታሰበው ከፍ ብሎ ይታያል፤ የጎሚኒው ጎማ ሲቀደድ ደግሞ ይወርዳል።

14. አክስሉን መሃል አምጡት። ፓናርዱ አክስሉን በአንድ ወገን ከሻንሲው ጋር ስላሰረው መኪናው ሲነሳ አክስሉ ዘንጉ ሻንሲው ላይ ወደተያዘበት ወገን ይሳባል። በግራም በቀኝም ከጎማው የውጭ ገጽ እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ለኩ። ልዩነት ካለ የፓናርዱን ርዝመት እኩል እስኪሆን አስተካክሉና ማሰሪያ ዳዶውን አጥብቁ። ይህን ሳትጨርሱ የመሪውን ክብ አታስተካክሉ፤ አክስሉ ሲንቀሳቀስ እሱም ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ርዝመት አስተካክላችሁ መሪው ቀጥ ሲል ጎማውም ቀጥ እንዲል አድርጉ። መሪውን እስከ ጫፍ ግራና ቀኝ አዙሩ፤ ጎማው ወይም ዘንጉ የፍሬን ቱቦ እንዳይነካ እዩ።

15. የመጀመሪያ ልኬትና ሙከራ። በተራ ቁጥር 1 የለካችሁትን እንደገና ለኩ። ከግራና ከቀኝ ልዩነቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ሞላዎቹ ተለዋውጠው ወይም አንዱ ከማቆሚያው አልፎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በሰፈር መንገድ፣ በዝግታ ሞክሩት። መጀመሪያ ፍሬን። መሪውን ሳትይዙት አይደለም፣ ላላ አድርጋችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን መሳብ አለመሳቡን፣ ከታጠፈ በኋላ ራሱ መመለስ አለመመለሱን እዩ።

16. አላይመንትና መብራት። ወደ ሩቅ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት አላይመንት አስለኩ፤ ባለሙያውን የካስተሩን ቁጥር በሁለቱም ወገን እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ ጎማ ማቅናት ብቻ በቂ አይደለም። የፊት መብራቱን ዝቅ አድርጉ። መኪናው ፊቱ ሲነሳ መብራቱ ከተቃራኒ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይመታል፤ በዓመታዊ ምርመራም ይጥላችኋል።

17. ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ድጋሚ ማጥበቅ። ዩ-ቦልት፣ ሻክል፣ ፓናርድ፣ ራዲየስ አርም፣ የጎማ ዳዶ፣ ሁሉንም በቶርክ ሬንች እንደገና። አዲስ ባሌስትራ ብረቶቹ እርስ በርስ እየተስማሙ ስለሚቀመጡ ዩ-ቦልቱ መላላቱ አይቀርም። የላላ ዩ-ቦልት የመሃል ብሎኑን ይቆርጣል። እስከዚያ ድረስ ሙሉ ጭነት አትጫኑ። ሲጠበቅ በእያንዳንዱ ዳዶና ብሎን ላይ አንድ ነጭ መስመር አስምሩ፤ ወደፊት ሥሩን ስታዩ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

ከባሌስትራውና ከአክስሉ መካከል እንጨት ወይም የተበየደ ብረት መክተት። እንጨት ይሰነጠቃል፣ ብየዳ ይላቀቃል። በዚህ መንገድ የተነሳ መኪና ኮረኮንች ላይ አክስሉ ሊሸሽበት ይችላል።

ከጭነት መኪና የወጣ አንድ ብረት ባሌስትራው ላይ መጨመር። ቁመት ይሰጣል፤ ግን የመታጠፍ አቅሙ ከሌሎቹ ብረቶች ጋር ስለማይመጣጠን ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ ይሰበራል፤ እስኪሰበር ድረስም መኪናው ያንገላታል።

አዲስ ሞላ ከአሮጌ ሾክ ጋር መግጠም። አሮጌው ሾክ አጭር ስለሆነ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ሳይጨርስ ሾኩ እስከ ጫፉ ይወጠራል፤ በተደጋጋሚ ሲወጠር ማያያዣው ይገነጠላል።

ከሥራው በኋላ ችግር ከመጣ

መሪው ካልተመለሰ ወይም መኪናው ከዋለለ መጀመሪያ የካስተር ጎሚኒው አቅጣጫ ይታይ። በ60 ወይም በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ጉድጓድ ሲመታ መሪው በኃይል ከተንቀጠቀጠ ፍጥነት ቀንሱና ቁሙ፤ የፓናርድ ብሎኖች አለመላላታቸውን አረጋግጡ፣ ቀጥሎ ካስተሩን አስለኩ። የመሪ ዳምፐር (የመሪውን መንቀጥቀጥ የሚያረግበው ሾክ) መቀየር መንቀጥቀጡን ይሸፍነዋል እንጂ ምክንያቱን አያስወግድም።

ከኋላ ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚጨምር ንዝረት ካለ የኋላ ማሽከርከሪያ ዘንጉ መጋጠሚያዎች ማዕዘን ተለውጧል። ለባሌስትራው የተሠራ ሾጣጣ ማስተካከያ ብረት አለ፤ ማዕዘኑን አስለክታችሁ ግዙ። ንዝረቱን ችላ ብላችሁ ከነዳችሁ የዘንጉ መስቀለኛ መጋጠሚያ ይበላል።

ፍሬን ስትይዙ የፊቱ ከበፊቱ በላይ ከሰገደና የኋላው የማይዝ ከመሰላችሁ ወደ ፍሬን ማመጣጠኛው ቫልቭ ዘንግ ተመለሱ፤ ያነሣችሁትን ፎቶ ከአሁኑ ጋር አስተያዩ። ማዕዘኑ እስኪመለስ ድረስ መኪናውን አትጫኑት።